የቁራ ጫጩትን ማን ይመግበዋል?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍሎች አካባቢ ሲካሄድ የሰነበተውን ክርክር ያልሰማ ሰው በግቢያችን ያለ አይመስለኝም። ነገሩ የተነሣው ለማስተማር ልምምድ ከተዘጋጀ የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ነው። ርእሱ የአእዋፍ አመጋገብ ነበር። ዕጩ መምህሩ በዕቅዱ መጨረሻ ላይ፣ ወፍ ማሳም ጎተራም ሳይኖራት ፈጣሪ እንደሚያኖራት ለልጆቹ እነግራለሁ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ይህ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ስብከትህን ለሰንበት ትምህርት ቤት አቆየው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በአባቶቻችን ትምህርት የምታፍሩት ምን ሆናችሁ ነው?» እያለ ይቆጣል። እንዲያውም አንዱ ቀልደኛ «ወፍ ያለ እርሻ ከኖረች እኔስ ለፈተና ምን አስጠናኝ?» ብሎ ሁሉንም አስቋል።

በበኩሌ የመጀመሪያው ወገን በሕግ ረገድ ልክ ነው እላለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ነገ በምንቆምበት ክፍል ውስጥም የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ይቀመጣል። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላበላሸሁ። የከነከነኝ ግን ሁለቱም ወገን ትምህርቱን ሳያውቀው መጣላቱ ነው። የሚነቅፈው የስንፍና ስብከት ነው ብሎ ይነቅፋል። የሚደግፈውም ለተቸገረ ሰው የሚነገር ማጽናኛ አድርጎ ይደግፋል። ይህ ትምህርት በአገራችን በማን አፍ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት ሆድ ይነገር እንደ ነበር የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ይበቃል።

ቤተ ልሔም የድጓ አገር ነው። ቅኔን ዋሸራ፣ አቋቋምን ጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕትን እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አምባ እንደሚባለው ሁሉ፣ የድጓ መመስከሪያው ቤተ ልሔም ነው። ሌላ ቦታ ተምሮ የበሰለውም ቢሆን ምስክር ለመሆን ወደዚያው ይወርዳል። ድጓ ደግሞ፣ ለማያውቀው ልንገረውና፣ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የሚሄድ የዜማ መጽሐፍ ነው። ትውፊቱ በስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጠዋል። ዝናሙም፣ ዘሩም፣ አበባውም፣ ፍሬውም በውስጡ ተራ ተራ አላቸው። እኛ በአካባቢ ሳይንስ «ወቅቶች» ብለን በአንድ ሳምንት የምናልፈውን፣ የድጓ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ሲያዜመው ይከርማል።

በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ክረምቱ ራሱ በክፍል በክፍል የተመደበ ነው። መጀመሪያ ዘርና ደመና፣ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ ይመጣሉ። ከነሐሴ 10 ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ግድም ያለው ጊዜ ደግሞ «ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ» ይባላል። የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉም ዓይን ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ በየትኛው አገር የዘመን መቁጠሪያ ነው ለቁራ ጫጩት ከሁለት ሳምንት በላይ የተመደበለት?

መምህራኑ ሲያስረዱ፣ የቁራ ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ እናቱን አይመስልም ይላሉ። እናቲቱ ጥቁር ናት፤ እሱ ጥቁረት የለውም። ስለዚህ የኔ አይደለም ብላ ጥላው ትሄዳለች። ጫጩቱ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይጮኻል፤ ፈጣሪም ጥቃቅን ተሐዋስያን ወደ አፉ እየላከ ያሳድገዋል። ላባው ሲጠቁር እናቱ ተመልሳ ትቀበለዋለች።

የሳይንስ መምህር ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የቁራ ወላጆች ጫጩታቸውን አይጥሉም፤ እናትና አባት ሆነው ይመግቡታል። በደጋው የምናየው፣ ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ እንደ መዶሻ የከበደው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ጥንብ ይበላል፤ የከብት እበት በመንቁሩ እየበተነ ከውስጡ ትል ይለቅማል። ይህን ሁሉ ልናስተምር ይገባል፤ መደበቅም ማለባበስም የለብንም።

ነገር ግን ያን ትርጓሜ ያወረዱልን ሰዎች ጨርሶ ሳያዩ ተናገሩ ማለት አይቻልም። የቁራ ጫጩት ሲፈለፈል በእርግጥ ላባ የለውም፤ ቆዳው ገላጣ ነው፤ አፉን በረገደና ይጮኻል። ሰውየው ከገደሉ ሥር ቆሞ ይህን ሳያይ አልቀረም። ያላየው፣ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ በሰው ማሳ ውስጥ እበት ስትበትን የምትውለውን እናት ነው። እኔ አማኝ ነኝ፤ ይህችን እናት በማየቴ ከእምነቴ የጎደለብኝ ነገር የለም። ጫጩቱ ተመግቧል፤ የተመገበውም በመንቁር ነው። መንቁሩን ከታሪኩ ስናወጣው ነው ትምህርቱ የሰነፍ ስብከት የሚመስለው።

በነገራችን ላይ አንድ ሙስሊም ባልንጀራችን በእነሱም ዘንድ ተመሳሳይ ትምህርት እንዳለ ነግሮኛል። ወፏ ጧት በባዶ ሆዷ ትወጣለች፣ ማታ ጠግባ ትገባለች የሚል ነው። «ልብ በል፣ ትወጣለች ነው የሚለው» አለኝ።

አሁን ወደ ወሩ እንመለስ። ነሐሴ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምን ዓይነት ወር ነው? የዚያ አገር ልጆች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ጎተራው ሲጠረግ የሚሰማው ድምፅ የሚታወቅበት ወር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉት ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ የቁራ ጫጩት አፍና የሁሉም ዓይን ወደ ሰማይ የሚያዩበት ጊዜ ተብሎ የተሰየመው፣ የጠገበ ሰው ወር ሳይሆን ይህ ወር ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ክምሩ ቆሞ አውድማው ሲሞላ፣ ስለ መግቦት መናገር ለማንም አይከብድም። እነዚያ ሰዎች ግን በጣም በሚከብድበት ጊዜ ላይ አስቀመጡት።

የሚያዜመው ተማሪስ ማን ነበር? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከየአገሩ የመጣ ልጅ ነው። ከትምህርቱ ሲነሣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ውሻ ይቀበለዋል። ቁራሽ ካገኘ ወደ ጎጆው ይዞ ይገባል፤ ከተረፈው አድርቆ ለክፉ ቀን ያኖራል። ድጓ በዓመት በሁለት ዓመት የሚዘለቅ ትምህርት አይደለም። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ተማሪ ማን አበላው? በጀት አልነበረ፣ ሚኒስቴር አልነበረ። ያበላው ጎተራው የተሟጠጠው የጋይንት ገበሬ ነው፤ ከልጆቿ ሞሰብ ላይ ቆርሳ የሰጠች እናት ናት። ልጁ ስለ ቁራ ጫጩት ሲያዜም አፉን የከፈተው ጫጩት እሱ ራሱ ነበር። ከደጁ ቆሞ የሚሰማው ገበሬም የትኛው ቦታ የእሱ እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ይህን ኑሮ አሳምሬ ለማቅረብ አልፈልግም። በእከክና በረኃብ ተሰላችቶ ትምህርቱን ጥሎ የሄደ፣ ታሞ የቀረም ብዙ ነው። ዛሬ ማንም ልጅ እንዲህ ይማር አልልም።

ስለ ያሬድ የሚነገረውን የትሉን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ትሉ ዛፉ ላይ ሲወጣ ደጋግሞ ይወድቃል፤ በመጨረሻ ወጥቶ ፍሬውን ይበላል። እኛ ይህን ለተማሪ የምንነግረው «አትሰልች» ለማለት ብቻ ነው። ዛፉን ግን ትሉ አልተከለውም። ዛፉ ተሰጥቶታል፤ መውጣቱ የራሱ ሆነ። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ማስተማር ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ መያዝ የእኛ ዘመን ጠባይ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። መግቦቱ ያልደረሰላቸውስ? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በሬው በበሽታ አለቀ፤ ማረሻ የሚስብ ጠፋ፤ ሕዝብ በየመንገዱ ወደቀ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከወሎ ጋር የሚዋሰነው ጋይንትም አልተረፈም። ተፈጥሮ የአበባና የወፍ ብቻ አይደለችም፤ የከብት እልቂትም፣ ድርቅም፣ አንበጣም እሷው ናት። ስለዚህ ተፈጥሮን አይታችሁ ተጽናኑ የሚል ሰው፣ ከፊሉን ብቻ እያየ እንደ ሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ይሁንና እዚህም ላይ አንድ ነገር አለ። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የ1965ቱን የወሎ ረኃብ መርምሮታል። በአገር ደረጃ የእህሉ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ እንዲያውም ሰው በሚራብበት በወሎ እህል ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ እንደ ነበር ጽፏል። ገበሬው የሚበላው ያጣው፣ ማሳው ሲደርቅበት መግዣም ስላጣ ነው። ምድር የያዘችውን ሰጥታለች፤ የሚያደርስ መንቁር ጠፋ። ይህን የሚያክል ፍርድ በሰው ላይ እያለ ጥፋቱን በሰማይ ላይ መደፍደፍ ልክ አይመስለኝም። በተራበው እምነት ማነስ ላይ ማላከክማ ነውር ነው።

የድንቹንም ነገር ላንሣ፤ ላይ ጋይንት ሄዶ ድንች ያልበላ የለምና። ድንች የአገራችን ተክል አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1858 ነበር። ገበሬው ግን ቶሎ አልተቀበለውም፤ በሰፊው የያዘው ከዚያ ከክፉው ቀን ወዲህ ነው። ድንች ከገብስና ከስንዴ ቀድሞ ይደርሳል፤ በጎተራውና በአዝመራው መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ ይሸፍናል። ለቁራ ጫጩት የተመደበው ወር ላይ ገበሬው የሚቆፍረው ነገር አገኘ ማለት ነው። አንዱ የሰማይ ስጦታ ነው ይላል፤ አንዱ የግብርና ታሪክ ነው ይላል። እኔ ሁለቱ ለምን እንደሚጣሉ አይገባኝም።

ስለዚህ ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ ስለ ምድር አበቦች የሚነገረው ወንጌል የሚነበበውም ያን ጊዜ ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። (አደይ በማሳ ውስጥ ሲበዛ አረም መሆኑን ገበሬ አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ሳይዘራ የሚበቅል ሁሉ ለሁሉም ደስታ አይደለም።) እህሉ ግን ገና አልደረሰም። ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዓይኗ የሚከደነው ስለ ሰነፈች አይደለም። ጧት ስላልበላች ነው። ያቺ ልጅ ፊት ቆሞ ወፍ ያለ ጎተራ እንደምትኖር የሚናገር መምህር፣ የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ ለእሷ ምን ብሎ ይሰማታል? ቁርሱን በልቶ ወጥቷልና ንግግሩ ቀላል ነው። ቤተ ልሔም ላይ ይህን ትምህርት የሚያዜመው የተራበው ነበር፤ የሚሰማው ደግሞ እጁ ላይ ቁራሽ ያለው። እኛ ገልብጠነዋል።

የአዲስ አበባ መስተዳድር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀምሯል። በመሸጋገሪያው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስፈልጋቸው የገጠር ወረዳዎች ብዙ ናቸው፤ ተመድበን የምንሄደውም ወደነዚያው ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ለልምምድ የምንወጣ ሁሉ፣ በዕቅዳችን ላይ «የተማሪዎች ሁኔታ» ከምንለው መስመር ሥር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ልጅ ሳይበላ እንደሚመጣ ቀስ ብለን፣ ማንንም ሳናሳፍር አጣርተን እንመዝግብ። ቁጥሩን ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ ኮሚቴው እናቅርብ። የአእዋፍን ትምህርት ያዘጋጀው ባልደረባችንም ዕቅዱን አይቅደደው። የመጨረሻዋን መስመር አውጥቶ፣ በቦታዋ እናትና አባት ቁራ ጫጩታቸውን እንዴት እንደሚመግቡ ሥዕል ሥሎ ያሳይ።

ይህን የማይቀበል ካለ፣ በሁለቱም ወገን በኩል መልሱን ጽፎ ለአዘጋጅ ክፍሉ ይስጥ። በዚህ ሰሌዳ ላይ ከስፖርት ዜናው ጎን ባዶ ቦታ አለ።