ኃይሌ ገሪማን ማን ይመዝነው? ቬኒስ ወይስ የቱሉ ዲምቱ ዘበኛ?

ሰሞኑን እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለች አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ወሬ እንሰልቃለን። ፊልም ነፍሱ የሆነ አንድ ወዳጄ የፈረንሣዩን ዳይሬክተር የፍራንሷ ትሩፎን ፊልሞች ከአንድ እስከ አስር ደርድሮ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራውን የመጀመሪያ ረዥም ፊልሙን አንደኛ አደረገው። ሌላው ተነስቶ «ትሩፎ ምን አላት፣ ጎዳር እያለ!» ብሎ ጮኸ። ክርክሩ ጦፈ፣ ቡናው ቀዘቀዘ።

እኔም ዝም ብዬ ሳዳምጥ ቆየሁና «እስቲ የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች ደርድሩልኝ» አልኳቸው። ጸጥ አሉ። አንዱ «ጤዛን አይቻለሁ» አለ። ሌላው ስለ ሳንኮፋ «ሰምቻለሁ» አለ። ትሩፎን ከነጓዳው የሚያውቀው ወዳጄ ደግሞ «ሌሎቹን የት አግኝቼ ልያቸው?» ብሎ እኔኑ መልሶ ጠየቀኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደል እንዴ?

ወዳጄ ላይ ግን አልፈርድም። ጥያቄው ትክክል ነውና። አንድ ሕዝብ የራሱን ትልቅ ሰው ሥራ ሳያይ በምን ይመዝነዋል? መዝኖ ካላስቀመጠው ደግሞ ሌላው ይመዝንለታል። ኃይሌን እስካሁን የመዘኑልን ቬኒስ፣ በርሊን፣ ዋጋዱጉና ሎስ አንጀለስ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ግን የኛ ሚዛንስ የት ገባ? ይሄን በማለት ነው እኔም በድፍረት የራሴን ደረጃ ለማውጣት የተነሳሁት። የማይስማማ ካለ የራሱን ይዞ ይምጣ። (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጆች፣ የአገራችንን ጉዳይ በኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።)

በመጀመሪያ ሰውየውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ ልጁም ያደገው በመድረክ ሥር ነው። በወጣትነቱ አሜሪካ ሄደ፣ መጀመሪያ ቺካጎ ትያትር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፊልም ተማረ። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ፣ ለአሥርት ዓመታት አስተማረ። ሆሊዉድ ደጃፍ ቆሞ ግን አልለመነም። ይሄ ነው እንግዲህ የሰውየው ጠባይ።

አምስተኛ፦ አድዋ (1999)። ዘጋቢ ፊልም ነው። ሥዕሉን፣ ዘፈኑን፣ የሽማግሌውን ትረካ አሰባስቦ ድሉን ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ወግ ያቀርበዋል። ለምን መጨረሻ ላይ አስቀመጥከው የሚለኝ አይጠፋም። አድዋን አቃለልክ እንዳልባል እንጂ፣ ለእኔ ይህ ፊልም ከሌሎቹ ይልቅ የሚያወድስ ነው። ኃይሌ ደግሞ ኃይሌ የሚሆነው ሲጠይቅ ነው።

አራተኛ፦ ቡሽ ማማ (1975)። የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ሥራው ናት። ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የምትኖር ዶሮቲ የምትባል ሴት፣ ባሏ ባልሠራው ወንጀል ታስሮባት፣ ከመንግሥት ድጎማ ቢሮ ደጅ እየጠናች የምትኖረውን ኑሮ ያሳያል። ቢሮው በማኅፀኗ ሳይቀር ገብቶ ሲያዛት ያያል ተመልካቹ። የፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊስ ሰዎችን አስቁሞ ሲፈትሽ ይታያል፤ ትወና እንዳይመስላችሁ! እነኃይሌ ራሳቸው ካሜራ ይዘው ሲቀርፁ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አስቁሟቸው ነው። ለካስ ጥቁር ካሜራ ይዞ ሲገኝ ሰርቆ ነው የሚመስላቸው! ካሜራ የያዘን ሰው መጠርጠር የኛ አገር ልማድ ብቻ ለሚመስለን ጋዜጠኞች ጥሩ ማጽናኛ ነው።

ሦስተኛ፦ ሳንኮፋ (1993)። ጋና ጠረፍ ላይ ባለ የባሪያ ምሽግ ፎቶ ልትነሳ የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል፣ በመንፈስ ወደ ባርነት ዘመን ተወስዳ የእርሻ ባሪያ ትሆናለች። «ሳንኮፋ» በአካን ቋንቋ ተመልሰህ የረሳኸውን አንሳ እንደማለት ነው። ፊልሙ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሮ ሲመለስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራይተው አሳዩት! ሕዝቡ ተሰለፈ፣ ከከተማ ከተማ ዞረ። ዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈቱ። ኔትፍሊክስ የተባለው ኩባንያ ሳንኮፋን ያቀረበው በ2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ያደረግኩት ስለሚያንስ ሳይሆን፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለቱ የራሳችንን ቁስል የሚነኩ ስለሆኑ ነው። አዎ፣ አዳላሁ!

ሁለተኛ፦ ጤዛ (2008)። አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ የሕክምና ሰው ሆኖ፣ አገሬን አገለግላለሁ ብሎ ይመጣል። የጠበቀው ግን ካድሬና ስብሰባ፣ ግምገማና ደም ነው። በኋላም ተመልሶ በሄደባት ጀርመን ዘረኞች አካሉን ያጎድሉታል። በመጨረሻ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ እናቱ ወዳሉበት ጣና ዳር ወዳለ መንደር እያነከሰ ይገባል። እዚያስ ሰላም አለ? ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ከላይ ተራራው ላይ ደግሞ ከጣልያን ወረራ የቀረ ሐውልት ቆሟል። ይህን ፊልም ቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ሰጠችው። የቬኒስ ፌስቲቫል እኮ በ1932፣ በዚያው በሙሶሊኒ ዘመን የተጀመረ ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች! በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ።

አንደኛ ለምን አላደረግኸውም? ጤዛ ብዙ ነገር በአንድ አቁማዳ ይጭናል። ቀይ ሽብሩን፣ ጀርመኑን፣ ገጠሩን፣ ዘረኝነቱን፣ ፍቅሩን ሁሉ። መጀመሪያው አካባቢ ትዝታው እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ተመልካች ግራ ይጋባል። ቢሆንም የዚያ ትውልድ ወንድም ወንድሙን ለምን እንደበላ ከዚህ የተሻለ በፊልም የነገረን የለም።

አንደኛ፦ ምርት ሦስት ሺ ዓመት (1976)። ይህን ፊልም ኃይሌ የቀረፀው በ1966 ክረምት፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ለዕረፍት አገሩ መጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ልብ በሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ሊወርዱ ሳምንታት ሲቀሩ! ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋንያኑ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ይዘገያል? አዎ፣ ይዘገያል። በሬ ሲያርስ እኮ ይዘገያል! አንድ ባለመሬት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከታች የሚያርሱለትን ጭሰኞች ያዛል፣ ይሳደባል። መሬቱን የተቀማ ከበበ የሚባል ሰው ደግሞ አለ፤ አገሬው እብድ ይለዋል፤ በፊልሙ ውስጥ እውነት የሚናገር ግን እሱ ብቻ ነው።

ይህንን ፊልም አንደኛ ያደረግኩት በራሴ ዕውቀት ብቻ አይደለም። የኮንዶሚኒየማችን የሌሊት ዘበኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ኦቦ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርቱበት መሬት ነበራቸው። ለልማት ይፈለጋል ተብሎ ካሣ ተቆጠረላቸው። ካሣው አለቀ፣ መሬቱ ሄደ፣ እሳቸው ዱላና ባትሪ ይዘው የሰው ፎቅ ይጠብቃሉ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፔ ላይ ፊልሙን ሳይ «ምንድነው እሱ?» ብለው ተጠጉ። ወንበር ሳብኩላቸውና አብረን አየን። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ በየመሃሉ በሩን ዞር ብለው እያዩ፣ አልተነሱም። በሬዎቹ ሲመጡ ፈገግ ይላሉ፤ ባለመሬቱ ሲሳደብ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

ሲያልቅ «እንዴት አገኙት ኦቦ?» አልኳቸው።

«ሰውየው ሞተ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ወንበሩስ? ወንበሩ ማን ጋ ሄደ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። እኔስ ምን ልበላቸው? የተቀመጥኩት ያ ቤት እኮ በእርሻ መሬት ላይ የተሠራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዘመን የተሻገረ ፊልም ማለት ይሄ ነው። በ1957 ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ባለመሬቱ ከወንበሩ ተነሳ። ሕዝቡም ተደሰተ፣ ደግ አደረገ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። «የመንግሥትና የሕዝብ» ሲባል ግን መንግሥት ሲፈልገው የመንግሥት፣ ገበሬው ሲጠይቅ የሕዝብ ይሆናል! አዲስ አበባ በአቃቂ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ አቅጣጫ ስትለጠጥ የተለጠጠችው በአየር ላይ አይደለም፤ በሰው ማሳ ላይ ነው። በ2006 እና በ2008 ማስተር ፕላን በተባለው ምክንያት የፈሰሰውን ደም አንረሳም። ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ ተባለ። የዘበኛው ጥያቄ ግን አልተሰረዘም።

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ዛሬ የሚታወቀው ግን ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ መነሻ በመሆኑ ነው። መኪናው ከፍሎ ያልፋል። ኮረብታውን ያርስ የነበረውስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለመሆኑ ደረጃውን ገዢዎቻችን ያውጡ ቢባል አንደኛ የሚያደርጉት የቱን ይመስላችኋል? እኔ ልንገራችሁ። ደርግን ብትጠይቁት «ምርት ሦስት ሺ ዓመት!» ይላችኋል፤ የባላባቱን ገመና ያሳያልና። ኢሕአዴግን ብትጠይቁት «ጤዛ!» ይላል፤ የደርግን ጭካኔ ያሳያልና። ኃይሌ ግን በ1994 ከፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ከሪሻርድ ካፑሺንስኪ ጋር አገሩን ዞሮ የሠራው ሌላ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ጎዶሎ ጉዞ» እንደማለት ነው። ደርግ ወድቆ ሌላው ገና ወንበሩን ሲያሞቅ «የሚሄደው ወዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ፊልም ነው። ይህን አንደኛ የሚያደርግ ኢሕአዴግ ይኖር ነበር? ከኢሕአዴግ በኋላ የመጣውስ «ኢሕአዴግን ስለሚያሳይ» ብሎ ያጨበጭብለታል እንጂ «እኔንስ ምን ይለኛል?» ብሎ ያየዋል? ገዢ ሁሉ የትናንቱን መስታወት ይወዳል። የዛሬውን ግን ይሸፍነዋል።

«ሕዝባችን እንዲህ ያለ ከባድ ፊልም አይወድም፣ ሳቅ ነው የሚፈልገው» የሚሉ ነጋዴዎችና ሹሞች አሉ። ለእነሱ መልሴ ዘበኛው ናቸው። ፊልም ቤት ገብተው የማያውቁ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ጥቁርና ነጭ ፊልም ቁጭ ብለው አይተው፣ ከማንም ሃያሲ የበለጠ ጥያቄ ጠይቀዋል። ችግሩ ያለው አሳዪው ላይ እንጂ ተመልካቹ ላይ አይደለም። በእኛ ብሎኮች አካባቢ የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳይ ቤት በየማዕዘኑ አለ፤ ፊልም ለማየት ግን ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ከተማ መግባት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። በእኛ ግብር የሚተዳደረው ቴሌቪዥን ምርት ሦስት ሺ ዓመትን፣ ጎዶሎ ጉዞንና ጤዛን በሦስት ተከታታይ እሑዶች ለኃይሌ ተገቢውን ክፍያ ከፍሎ ያሳየን። በየክፍለ ከተማው ላለው አዳራሽ የካድሬ ስብሰባ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፣ አንድ ማታ ለፊልም ይልቀቁልን። አሜሪካኖች በ2021 በአዲሱ የሲኒማ ሙዚየማቸው ሸልመውታል። እኛ ሽልማት ባንሰጠው እንኳ ሥራውን ለማየት አንነፈግ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስላል።

እስከዚያው ግን የቱሉ ዲምቱው ዘበኛ ፍርዳቸውን ሰጥተዋል፤ አንደኛው ምርት ሦስት ሺ ዓመት ነው። ትናንት ማታ በር ሲከፍቱልኝም «ያ ወንበር ተገኘ?» ብለው ጠይቀውኛል። የሚያውቅ ካለ ይንገርልኝ።

ቸር ያሰንብተን።