እርጉዝ ሁሉ ስኳሯን ትለካ

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ቢያሻራ ስትሪት ላይ የሕፃናት ልብስ እሸጣለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ እርግዝናቸው የገፋ ሴቶች ናቸው፤ ከኢስሊ ሰፈር የሚመጡ የአገሬ የኢትዮጵያ ልጆችም አይጠፉም። «ስኳርሽን ተለክተሻል?» ስላቸው ብዙዎቹ «ሽንቴን ሰጥቻለሁ» ይሉኛል። ይህ መልስ ያሳስበኛል።

ሽንት አይበቃም። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ሲያዳክሙ፣ ሽንት ላይ ምንም ሳይታይ የደም ስኳር ሊጨምር ይችላል። እናትየዋም አንዳች ሕመም ላይሰማት ይችላል። የሚለየው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገው የደም ምርመራ ነው፦ ሳይበሉ አድሮ ደም መስጠት፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ መስጠት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መስፈርት፣ በባዶ ሆድ 92 ሚሊግራም የደረሰ ስኳር ለነፍሰ ጡር ከፍተኛ ነው። ኬንያ ውስጥ በሚሊሞል ስለሚለካ ይኸው ልክ 5.1 ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ አንሶ ቢታይ አያዘናጋ።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ የተከታተሉኝ ሽንቴን ብቻ አይተው ነበር። ልጁ 4.6 ኪሎ ሆኖ፣ ትከሻው ተይዞ በስንት መከራ ተወለደ። ዘመድ ግን «ምን የመሰለ ልጅ!» ብሎ እልል አለ። በሁለተኛዋ እዚህ ተመርምሬ 5.4 ሆነ። ስኳር የበዛበትን የወተት ሻይና ማንዳዚ ተውኩ፤ እንጀራውን ቀንሼ ምስርና ጎመን አበዛሁ፤ ከምሳ በኋላ እስከ ሞይ አቬኑ እየተራመድኩ መመለስ ያዝኩ። መድኃኒት ሳያስፈልገኝ በሰላም ተገላገልኩ።

«ወፍራም የሆነች ወይም በዘር ስኳር ያለባት ብቻ ትመርመር» የሚሉ አሉ። እኔ ቀጭን ነኝ፤ በቤተሰቤም ስኳር ያለበት የለም። በጎንደር ከተማ በዚሁ መስፈርት በተደረገ ጥናት ከነፍሰ ጡሮቹ 12.8 በመቶዎቹ የእርግዝና ስኳር ተገኝቶባቸዋል። ሙሉው ምርመራ ውድ ቢሆን እንኳ በባዶ ሆድ ጣት ወግቶ መለካት ለብዙ ጤና ጣቢያዎች ከባድ አይደለም። የአገራችን ጤና ተቋማት ይህን የመደበኛው ክትትል አካል ሊያደርጉት ይገባል።

«ለሁለት ትብላ፣ አምሮቷ አይቅርባት» የምንለው ከፍቅር ነው። ባሎችና እናቶች፣ በዚያው ፍቅር ወደ ላቦራቶሪ አድርሷት። አንቺም እህቴ፣ 24ኛው ሳምንት ሲገባ ተለኪ። ከተገኘብሽ ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድገሚው፤ በእርግዝና ስኳር የያዛት እናት ኋላ በቋሚነት የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።