ድምፃችሁን አውሱ

ርእሳነ መምህራን፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች! ለዓይነ ስውራን ሕፃናት ተብሎ በየክፍሉ የሚዞረውን ሣጥን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብሩ ይሰበሰባል፣ ለበጎ አድራጎት ማኅበር ይሰጣል፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እስከ ከርሞ እንረሳዋለን። ገንዘቡ አይናቅም፤ የብሬል መጻፊያ ስሌትና ስታይለስ፣ የብሬል ወረቀት፣ ነጭ በትር ይገዛል። ትምህርት ቤት ግን ከማንም በላይ የታደለውን ሀብት ገና አልሰጠም፤ አንባቢ።

ዓይነ ስውር ተማሪ ማስታወሻ ሲይዝ ቀርባችሁ ተመልከቱ። ወፍራሙን ወረቀት ስሌቱ ውስጥ ያስገባል፤ በስታይለሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ «ይህን ከዚህ ስንቀንስ ይሄ ይመጣል» ያለ ዕለት ግን የሚጽፈው ነገር የለውም። መማሪያ መጽሐፉም እንደ ልብ አይገኝም። በአማርኛ ብሬል አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ ጽሑፉ ይረዝማል፤ በቦርሳ የሚያዝ አንድ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። ስለዚህ ልጁ «እባክህ አንብብልኝ» እያለ ይለምናል፤ ያውም ሁሉም ለራሱ በሚያጠናበት በፈተና ሰሞን።

ይህን ልመና ማስቀረት በእጃችን ነው! ሚኒ ሚዲያ ያለው ትምህርት ቤት ማይክ አለው፤ ማይክ ባይኖር የመምህሩ ስልክ ይበቃል። በአካባቢያችሁ ወዳለው የዓይነ ስውራን ማኅበር ሄዳችሁ የትኛው መጽሐፍ በድምፅ እንደሌለ ጠይቁ። ምዕራፎቹን ተከፋፍላችሁ ድምፃችሁን እየቀዳችሁ አንብቡ። የገጹን ቁጥር ጥሩ፤ ሥዕሉን አትዝለሉት። የባዮሎጂው መጽሐፍ ላይ የልብ ሥዕል ካለ ደሙ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በቃል ግለጹ። መምህሩ አዳምጦ ያርማል፤ ማኅበሩ ለልጆቹ ያዳርሳል። ሕጉም ከእኛ ጋር ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት፣ የታተሙ ሥራዎች እውቅና ባላቸው ተቋማት በኩል ለዓይነ ስውራን በብሬልና በድምፅ እንዲዘጋጁ በር ይከፍታል።

መምህራን ሆይ፣ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን እየተናገራችሁ ጻፉ። ይህ በጀት አይጠይቅም። ርእሳነ መምህራን፣ ዓይነ ስውር ልጅ ይዞ ለምዝገባ የመጣን ወላጅ «እኛ ጋ አይሆንም» ብላችሁ አትመልሱ፤ ከማኅበሩ ባለሙያ ጋር አገናኙት። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ብታጣም ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተቀባይ አገኘች። ሕግ ተምራ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። በር ላይ የተመለሱት ልጆች ምን ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር ማን ይነግረናል?

የነጭ በትር ቀን በጥቅምት መጀመሪያ ይውላል። እስከዚያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ የአንድ መጽሐፍ ሙሉ የድምፅ ቅጂ ለማኅበሩ ያስረክብ! ሰኞ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ የአንባቢዎችን ስም መመዝገብ ጀምሩ።