ሌዘርና የወገብ ሕመም፦ የፊዚክስ ውበት ብቻ ይበቃልን?

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያለው ዲስክ መካከሉ ውኃ አዘልና ዝልግልግ፣ ዙሪያው ጠንካራ ቀለበት ነው። ዝግ በመሆኑም ይዘቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ግፊቱ በብዙ ይወርዳል። በ1986 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የተጀመረው፣ በመርፌ ቀዳዳ የሚከናወነው የሌዘር ሕክምና የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጨረሩ ከዝልግልጉ ጥቂቱን ወደ ተን ሲለውጥ ነርቩን የሚጫነው ኃይል ይቀንሳል።

ሐሳቡ እኛን የፊዚክስ ሰዎች ይማርካል። ሆኖም የስሌት ውበት የፈውስ ማስረጃ አይደለም። ከዲስኩ ተገንጥሎ የወጣን ቁራጭ የውስጡ ግፊት መቀነስ አይመልሰውም። ደግሞም የአብዛኞቹ ሕሙማን ሥቃይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይቀላል። እንግዲህ በአዲስ መሣሪያ ከመደነቃችን በፊት «ውጤቱ በትዕግሥት ከዳኑት ጋር ተነጻጽሯልን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ወይም እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው ግን አይታገሥ፤ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይሂድ።