ቤቱ ያረጃል፥ ዋጋው ይጎለምሳል

በአዲስ አበባ ለቅሶ ለመድረስ ድንኳን ገብቶ የተቀመጠ ሰው፥ የመጀመሪያው ቀን የእንባና የዝምታ፥ ሁለተኛው ቀን ግን የቤት ዋጋ ወሬ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ንፍሮው ገና ሳይዞር አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፥ «አያት ያለው ቤት ስንት ገባ?» ይላል። ያኛው የሰማውን ይናገራል፤ ሦስተኛው በሰማው ላይ ይጨምርበታል። በቅርቡ እኔ በተቀመጥሁበት ድንኳን ይህ ጨዋታ ደርቶ ሳለ፥ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ «የእኔይቱ ጎጆ እንኳ በሦስት ዓመት እጥፍ ሆናለች፤ ተመስገን» አሉ። ከጎናቸው የነበረው ወጣት መምህር ምንም አልመለሰም። የሻይ ብርጭቆውን መሬት አኑሮ ጫማውን ይመለከት ጀመር። እርሱ ተከራይ ነው። «ተመስገን» የተባለበት ነገር ውሎ አድሮ ከደመወዙ የሚወጣ መሆኑን ያውቃል።

ክርክሬ ከዚያ «ተመስገን» ጋር ነው እንጂ ከሽማግሌው ጋር አይደለም። ሰውየው ቅን ናቸው፤ ግን እጥፍ የሆነው ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ቤቱ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ቤት እንደ ላም አይወልድም፥ እንደ ባሕር ዛፍም አያድግም። ቆርቆሮው ይዝጋል፥ ግድግዳው ይሰነጠቃል፥ ቧንቧው ያፈሳል። ዋጋውን ካወጡት ነገሮች አንደኛው የብሩ መውደቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣው የቤት መሥሪያ ዕቃ ተወደደ፤ አሮጌው ቤትም የአዲሱን ዋጋ ተከትሎ ወጣ። እንዲህ ከሆነ ቤቱ አልከበረም፤ መለኪያው አነሰ እንጂ። ክንደ አጭር ሰው ሲለካለት አቡጀዲዬ ረዘመ ብሎ የሚደሰት ነጋዴ ቢገኝ እንስቅበት ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ደንግጓል። ባለቤቱ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ሕንፃ የራሱ ነው። ነገር ግን ደላላውን ስሙት! ስለ ጡቡ ሲያወራ አትሰሙትም፤ የሚያወራው «አስፋልት ዳር ነው፥ ባቡሩ አጠገብ ነው፥ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው» እያለ ነው። ታዲያ አስፋልቱን ያነጠፈው፥ ባቡሩን የዘረጋው ማን ነው? ግብር ከፋዩ ነው። ከግብር ከፋዮችም መካከል ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ከምንጩ የሚቀነስበት ያ መምህር አንዱ ነው። መንገዱን በግብሩ አሠራ፤ መንገዱ ስለተሠራም ኪራይ ተጨመረበት። ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ሄንሪ ጆርጅ የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 ባሳተመው ስለ ዕድገትና ስለ ድህነት በሚናገር መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አንሥቶ፥ ማኅበረሰቡ የፈጠረው የመሬት ዋጋ በግብር ወደ ማኅበረሰቡ ይመለስ ሲል ተከራክሯል።

እኔም ከወቀሳው ነፃ አይደለሁም። ዕጣ ወጥቶልኝ ያገኘሁት የጋራ መኖሪያ ቤት አለኝ። አንድ ማለዳ ደላላ ደውሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ልቤ እንደሞላ አልሸሽግም። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ቀዘቀዝሁ። ቤቴ በ3 ሚሊዮን ብር ይገመት ነበር እንበል፤ ያን ጊዜ የነበረኝ አንድ ቤት ነው። ዛሬ በ6 ሚሊዮን ቢገመት ያለኝ ያው አንድ ቤት ነው። ብሸጠው የምገዛው ሌላው ቤትም አብሮ ወጥቷል። ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ ጎጆ ሲወጡ ተከራይ ይሆናሉ። እኔ በአባትነቴ የምከስረውን ነው በባለቤትነቴ ተመስገን የምለው! በዚህ ነገር የሚያተርፈው አራትና አምስት ቤት ገዝቶ ዘግቶ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። በየጋራ መኖሪያው ማታ ማታ መብራት የማይበራባቸውን መስኮቶች የሚቆጥር ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ጨዋታውስ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ይጎዳል። የየሰፈሩ የሽያጭና የኪራይ ዋጋ ሁሉ ሰው በሚያየው መዝገብ ስለማይወጣ፥ ዋጋ የሚታወቀው በወሬ ነው። አከራዩ በድንኳን የሰማውን ይዞ ይገባና ተከራዩን ይጠራል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እዚህ ግን ሰሚው ሌላ፥ ታናቂው ሌላ ነው።

«ታዲያ ኪራይ ይታሰር ትላለህን?» የሚለኝ አንባቢ የ1967ቱን አዋጅ ቁጥር 47 ያስታውሰኝ ይሆናል። በዚያ አዋጅ ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ኪራይም ተቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበረ፤ ይህን የሚክድ ያን ዘመን ያላየ ነው። ነገር ግን በዓመታት ብዛት ኪራዩ ጣሪያውን እንኳ ማስጠገን አቃተው፤ ቤቶቹም በተከራዮቹ ራስ ላይ ዘመሙ። ስለዚህ እንደዚያ ይታሰር አልልም። በግምት የሚሠራው ነገር በመዝገብ ይሠራ እላለሁ።

መዝገቡማ ታዝዟል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። ሆኖም በውሉ ላይ አንድ ዋጋ፥ በእጅ ሌላ ዋጋ የሚቀበል አከራይ አለ፤ እንዳይባረር ፈርቶ የሚፈርምለት ተከራይም አለ። ይህን የምታነቡ ሹማምንት ሆይ፥ ግቢያችሁ ውስጥ ላለችው አንዲት ሰርቪስ ክፍል ውል አላችሁን? እኔ ይህን ስጠይቅ ወዳጆቼ ወሬ ይለውጣሉ።

ከተማው የየሰፈሩን ሽያጭና ኪራይ በየመንፈቁ በይፋ ያትም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅም ሲሠራበት ከባለ አንድ ቤቱ ጡረተኛ ይልቅ ተዘግቶ የሚያድረውን ሦስተኛና አራተኛ ቤት ያክብደው። የባለቤቱ ድካም ያልፈጠረው ዋጋ ትምህርት ቤትና የውሃ መስመር ሆኖ ቢመለስ የተነጠቀ ሰው የለም።

ወጣቱ መምህር ከሁላችን ቀድሞ ተነሣ፤ ሁለት ታክሲ ይጠብቀዋል። ሽማግሌው እጁን ይዘው፥ «ልጄ፥ ለመሆኑ ወዴት ነው የምትኖረው?» አሉት።

«ቱሉ ዲምቱ ነው፥ ጋሼ» አላቸው።

«እርሱም ወጥቷል አሉ!» አሉት፥ ደስ ብሏቸው።