የስልክ ቁጥር እንደ መታወቂያ፦ ገንዘቡ ከተወሰደ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

በሀዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ የባጃጅ ሂሳብም ሆነ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ በስልክ መክፈል እንግዳ ነገር መሆኑ ካበቃ ሰነባብቷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን አፍርቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳና የሌሎች ባንኮች መተግበሪያዎችም ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከምቾቱ ጋር አብሮ የገባው ግን የሌላውን ሰው ማንነት ተላብሶ ገንዘቡን የመውሰድ ወንጀል ነው።

በሌላው ዓለም የዚህ ወንጀል ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የክሬዲት ካርድ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው በእጁ የያዘው ከራሱ ተቀማጭ ላይ የሚቀንስ የኤቲኤም ካርድ በመሆኑ፣ አታላዩ ከካርዱ ይልቅ የሚያነጣጥረው በስልክ ቁጥሩ፣ በሚስጥር ቁጥሩና በአጭር የጽሑፍ መልዕክት በሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ላይ ነው። እነዚህን ያገኘ ሰው መቆለፊያ መስበር አያስፈልገውም።

አካሄዱ የተለመደ ነው። ደዋዩ ራሱን የባንክ ወይም የቴሌኮም ሠራተኛ አድርጎ ያስተዋውቃል፣ የተደወለለትን ሰው በሙሉ ስሙ ይጠራል፣ ሂሳቡ ሊዘጋ እንደሆነ ወይም ሽልማት እንደደረሰው ይነግረዋል፤ ቀጥሎም «አሁን የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ይላል። ብዙ ሰው የሚረታው ስሙ ሲጠራ ነው። ነገር ግን ስም ማወቅ የባንክ ሠራተኛ መሆንን አያረጋግጥም፤ ወደ አንድ ሂሳብ ገንዘብ ለመላክ የሞከረ ሰው ገና ሳይልክ የተቀባዩ ስም ሊታየው ይችላል። እውነተኛው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ የማረጋገጫ ኮድ በስልክ አይጠይቅም።

ሌላው መንገድ «በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ልመና ነው። ከጥሪው ቀደም ብሎ የባንክ መልዕክት የሚመስል ጽሑፍ ከተራ የስልክ ቁጥር ይደርሳል። ደግ ሰው ቀሪ ሂሳቡን ሳያይ የራሱን ገንዘብ ይልካል። በገበያ ቦታም በስልክ ላይ የሚታይ የተፈበረከ ደረሰኝ ዕቃ ያስወስዳል። ነጋዴው ሊያምነው የሚገባው የገዢውን ስልክ ሳይሆን ገንዘቡ በራሱ ሂሳብ መግባቱን ነው። ወረፋው ረጅም ሲሆን ይህን ማጣራት አሰልቺ መሆኑ አይካድም።

ጉዳቱ በተቀማጭ ገንዘብ ብቻ ላይወሰን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን በ2014 ዓ.ም «መላ» የተሰኘ የብድር አገልግሎትና «እንደኪሴ» የተሰኘውን አገልግሎት በቴሌብር አቅርቧል። ብድሩ ያለ መያዣ በስልክ የሚገኝ ነው። አገልግሎቱ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ የወደቀበት ደንበኛ ግን ያልወሰደው ዕዳ በስሙ ሊመዘገብበት ይችላል። በሌላ አገር የክሬዲት ካርድ ማጭበርበር የሚባለው በኢትዮጵያ የቅርብ አምሳያው ይህ ነው።

ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጠው ስልኩን በሌላ ሰው እርዳታ የሚጠቀም ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ይነግራሉ፤ ከገጠር መጥተው በከተማዋ ሥራ የጀመሩ ወጣቶችም በኤቲኤም ማሽን ፊት «ላግዝሽ» የሚል የማያውቁት ሰው ሊገጥማቸው ይችላል። ቸርነት በሆነበት ባህል «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ቀላል አይደለም።

የቀበሌ ወረቀት መታወቂያ በቀላሉ ሊመሳሰል መቻሉ ችግሩን አባብሶት ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን በመመዝገብ አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ያደርጋል። የብሔራዊ ባንክም አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ እንዲሆን በ2017 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ጀምሯል። ይህ በሐሰተኛ ስም ሂሳብ መክፈትን ያጠብባል። ሆኖም ፋይዳም ማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ወደ ስልክ ነው፤ ኮዱን አሳልፎ የሰጠ ሰው የመታወቂያውን በር አብሮ ይከፍታል።

ሕጉ ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላውን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚገልጽ መረጃ ያለ ፈቃዱ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ ማታለል ደግሞ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን መረጃ በሚይዙ ተቋማት ላይ ግዴታ ጥሏል።

እነዚህ ሕጎች የሚያተኩሩት አጥፊውን በመቅጣትና መረጃውን በመጠበቅ ላይ ነው፤ የተበዳዩ ገንዘብ ጉዳይ ሌላ ነው። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ያለ ፈቃዱ ለተፈጸመ ግዢ በሕግ የሚጠየቀው ከ50 ዶላር አይበልጥም። በብሪታንያ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ተታልሎ ከሂሳቡ ገንዘብ ላስተላለፈ ደንበኛ ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ የመመለስ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። እንዲህ ያለ ግዴታ ባንኩ ራሱ አጠራጣሪ ዝውውርን እንዲያቆም ምክንያት ይሰጠዋል። ኪሳራው ሁሉ በደንበኛው ላይ ሲቀር ግን ጥንቃቄውም የእሱ ብቻ ይሆናል። የዲጂታል ክፍያን በዚህ ፍጥነት ያስፋፉ ተቋማት የኪሳራውን ድርሻ የሚካፈሉበት ሥርዓት ጥያቄ ሊሆን የሚገባው አሁን ነው።

እስከዚያው የሚያድነው ፍጥነት ነው። የተታለለ ሰው የቴሌብር ከሆነ ወደ 127፣ የንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951 ወዲያው ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፣ የዝውውሩ ቁጥር ያለበትን መልዕክት ሳያጠፋ ለፖሊስ ማቅረብ ይኖርበታል። ሲም ካርዱ በድንገት ኔትወርክ ካጣም የኔትወርክ መቆራረጥ ነው ብሎ ሳይተው፣ በስሙ ምትክ ሲም ወጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተላከው ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሌላ ሂሳብ አልፎ በጥሬው ሊወጣ ይችላል። ተቀባዩ ሂሳብ ደግሞ በሌላ ሰው መታወቂያ የተከፈተ ከሆነ፣ የፖሊስ ምርመራ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ስለ ነገሩ ምንም የማያውቀውን የሁለተኛውን ተበዳይ ቤት ይሆናል።