ፊደል ስለሚቸግራቸው ልጆች

የዕውቀት በር ፊደል መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚህ በር ደርሰው መግባት የሚሳናቸው ልጆች አሉ። ዐይናቸው ያያል፤ ጆሯቸው ይሰማል፤ የተነገራቸውን ያስተውላሉ፤ መጽሐፍ ሲገለጥላቸው ግን ፊደሉና ድምፁ አልገናኝ ይላቸዋል። ሊቃውንት ይህን ችግር ከግሪክኛ በወጣ ስም ዲስሌክሲያ ይሉታል። ይኸውም አእምሮ ድምፅን ከፊደል ጋራ በሚያዛምድበት መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜም በዘር የሚወረስ ችግር ነው እንጂ ስንፍናም ድንቁርናም አይደለም።

ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህና በሒሳብ የማይታማ ሲሆን፣ ብዙ ዓመት ተምሮ ቀላሉን ቃል እንኳ ማንበብ ይቸግረው ነበር። መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከጓደኞቹ ሁሉ እርሱ በበለጠ ነበር ሲል መስክሮለታል።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ለሚማር ሕፃን ይህ ሸክም ይበልጥ ይከብዳል። ኦሮምኛ በቁቤ፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ እንግሊዝኛም ይጨመራል። በቁቤ የድምፁ መርዘምና ማጠር በፊደሉ መደረብ ይለያል፤ በግእዝ ፊደል ደግሞ ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው አንዲት ጭረት የምትቀጠልበት ስፍራ ብቻ ነው። ድምፅና ፊደል የማይዛመዱለት ልጅ በሁሉም ይሰናከላል።

በሻሸመኔ ለዐይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ብዙዎችን ለወግ አብቅቷል። ዐይነ ስውርነት የሚታይ ስለ ሆነ ርዳታ ተፈለገለት፤ ይህኛው ችግር ግን ስለማይታይ ስንፍና የሚል ስም ተሰጠው። ልጁም በጓደኞቹ ፊት ቆሞ አንብብ ይባላል፤ ይስቁበታል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ይተዋል።

በ2002 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በብዙ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምርመራ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ሁሉ ዲስሌክሲያ ነው ማለት አይደለም፤ የሚበዛው የማስተማር ጉድለት ነው። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ከመቶ ከ5 እስከ 10 እንደሚሆኑ ይገመታል፤ 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ከ3 እስከ 6 ማለት ነው። ሆኖም ብዙው ተማሪ ሳያነብ በሚያልፍበት ክፍል እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያው መድኃኒት ሁሉንም ልጆች አጥብቆ ንባብ ማስተማር ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት በግልጥ ይታያሉ።

ለእነዚህም የሚበጀው ዘዴ ለካህናቱ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ፣ ድምፁን እየጠራ፣ ከቍጥር ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድም ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። ሊቃውንት ዛሬ የሚመክሩት፣ ድምፁንና ፊደሉን አንድ በአንድ፣ በዐይን፣ በጆሮና በእጅ፣ በጥቂት ልጆች መካከል ደጋግሞ ማስተማር ከዚህ አይርቅም። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውም ልብ ሊባል ይገባል። እርሱ ይህ ችግር ነበረበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የመምህሩ አለንጋ ከትምህርት አስኰበለለው እንጂ ዳዊቱን አላስያዘውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች አስቧል፤ በአዋጅ ቍጥር 676/2002ም ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ተቀብላለች። የቀረው ቃሉን ወደ ክፍሉ ማድረስ ነው። መምህራን በሚሠለጥኑበት ስፍራ ይህን ችግር ለይተው እንዲያውቁ ይማሩ። ልጁ በ1ኛ ክፍል ሳለ ንባቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይመርመር። በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው፤ ጥያቄው ይነበብለት፤ የቃል መልሱም ይቈጠርለት።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ይኖር ይሆናል። ስድብን ለመተው ግን በጀት አያሻም፤ ጥያቄ አንብቦ ለማሰማትም ብዙ ወጪ የለበትም። አንድ ብልህ ልጅ ከንቱ ሲቀር የሚደርሰው ኪሳራ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንደ ተባለ፣ የትምህርት ሹማምንትም ካህናትም ልጁ ሰነፍ ነኝ ብሎ ተስፋ ሳይቈርጥ ሊደርሱለት ይገባል።